ሁለት ውሃ በአንድ ጉድጓድ

ኑርሁሴን ይመር በሃምሳ ስድስት ዓመት ዕድሜው «አልፈርምም» ብሎ የጸናው በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የጸናውም ዘጠኝ ቀን ነው። በአሥረኛው ቀን ፈረመ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ነገር ሰው ሁሉ የአላህ ቀደር፣ ከላይ የተጻፈ ነው ይለዋል። እሱም በቀደር ያምናል፣ ሙስሊም ነው። ነገር ግን ቀደሩ በየት በር እንደገባና በሩን ማን እንደከፈተለት ያውቃል፤ ያ ማወቁ ነው ሰላም የነሳው።

ቤቱ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። ሥራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ አንድ ቆዳ ፋብሪካ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የፋብሪካውን ሰርቪስ ተሳፍሮ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዷል፤ ማታ ማታ ወጥቷል። ከደሴ ብርድ በሹራብ ይነሣና ቁልቁለቱ ሲያልቅ ያወልቀዋል። ሹፌሩ «ኑርሁሴን ሹራቡን ካወለቀ ደርሰናል» እያለ ይቀልድበታል። በቀልድ የማይከፋ፣ ብዙ የማይናገር፣ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ነው። ሚስቱ ጣይባ የሥራ ልብሱን ከበረንዳ አሳልፋ አታስገባም። «እኔስ ወድጄሃለሁ፣ አፍንጫዬ ግን እስካሁን እሺ አላለም» ትለዋለች።

የፍሳሽ ክፍል ፎርማን ነው። ፍሳሽ ሲባል ሰው ይንቀዋል፤ ቆዳ ፋብሪካ ግን ያለ ፍሳሽ ክፍል አንድ ቀን አያድርም። የቆዳው ፀጉር የሚረግፈው ድራም በሚሏቸው ግዙፍ የሚሽከረከሩ በርሜሎች ውስጥ፣ በኖራና ሰልፋይድ በሚባል ኬሚካል ተዘፍዝፎ ነው። ቀጥሎ ደግሞ በሌላ ድራም፣ በአሲድ ይታጠባል። ከሁለቱም ቆሻሻ ውሃ ይወጣል። ሁለቱ ውሃ ለየብቻቸው ሲሆኑ ይገማሉ እንጂ ሰው አይጥሉም። ከተገናኙ ግን ጋዝ ይወልዳሉ። ጋዙ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሲበረታ አፍንጫን ያደነዝዝና ጭራሽ አይሸትም፤ የሚገድለውም ያን ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ፋብሪካውን የሠሩት ሰዎች ሁለት ቦይ፣ ሁለት ጉድጓድ፣ ሁለት ፓምፕ ያደረጉት።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ኑርሁሴን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያቆመውና አንዲት ትምህርት ይሰጠዋል። «ሲሸትህ አትደንግጥ። ሽታው ሲጠፋብህ ሩጥ። የወደቀ ሰው ካየህ ደግሞ ተከትለህ አትውረድ፤ ተከትሎ የሚወርድ ሁለተኛ ሬሳ ነው።» ሌላ ጊዜ አንደበቱ የማይፈታ ሰው ይህችን ሲናገር ኢማም ይመስላል።

ትምህርቱን ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ሀምዱ ነበር። ሀምዱ የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ የጉድጓዶቹ ጠባቂና የፓምፖቹ ጽዳት ሠራተኛ። ፀጉርና ጮማ ሲያፀዳ መንዙማ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ መልካም ስላልሆነ ይስቁበታል፣ እሱ ግን አይተውም። ኑርሁሴን ወንድ ልጅ የለውም። ስለ ሀምዱ ሲጠየቅ «ሠራተኛዬ ነው» ይላል፤ ምሳውን ግን ከሱ ጋር ካልሆነ አይበላም።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው ተዘርፎ ነበር። ከጠፋው ሁሉ ኑርሁሴንን የቆጨው በቀበቶ የምትታሰር፣ የእጅ ስልክ የምታህል የጋዝ መለኪያ ናት። ጋዝ ሲኖር ትጮኽ ነበር። ስለ እሷ በጠየቀ ቁጥር «ግዢ ላይ ነው» ይባላል። ግዢ ላይ የሄደ ዕቃ ተመልሶ ሲመጣ ግን አላየም።

ዘንድሮ አረፋ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው የአሲዱ ፓምፕ ተቃጠለ። ቆዳ ፋብሪካ ሠርቶ የማያውቅ ሰው የዚህን ክፋት አይረዳውም። የአረፋ ዕለት ወሎ በሙሉ ያርዳል፤ ከማግስቱ ጀምሮ ቆዳው በጭነት መኪና ይጎርፋል። ቶሎ ካልተዘፈዘፈ ይበሰብሳል። ከበሰበሰ የዓመቱ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው።

የምርት ክፍል ኃላፊው ጸጋው መላ አመጣ። ጸጋው ወጣት ኢንጂነር ነው፤ ከመጣ ሁለት ዓመቱ። ጧት የኖራውን ውሃ፣ ከሰዓት የአሲዱን በአንድ ጉድጓድና በአንድ ፓምፕ መሳብ፤ በመሀል አንድ ሰዓት ጉድጓዱን በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ለሦስት ሳምንት ብቻ። ለጊዜው።

በፋብሪካው ደንብ ማንኛውም የአሠራር ለውጥ፣ የአንዲት ቧንቧ መዞር እንኳ ቢሆን፣ አስቀድሞ በቅጽ ይጻፋል፤ አደጋው ይጠናል፤ የሚመለከታቸው ሁሉ ከፈረሙ በኋላ ብቻ ይጀመራል። ደንቡ የወጣ ጊዜ ብዙዎች «ወረቀት አበዙብን» ብለው አጉረምርመው ነበር። ኑርሁሴን ግን ወደደው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው ብሎ። አሁን ጸጋው ያንን ቅጽ ሞልቶ ይዞለት መጣ።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ኑርሁሴን መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው። «ይቺን ‹አደጋው ተጠንቷል› የምትለዋን ራይት ያደረጋት ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ አጠናኸው?»

ጸጋው አንገቱን አከከ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ለአረፋው ቆዳ ተዘጋጅታችኋል ወይ ይለዋል። «ሁለቱ እኮ አይገናኙም፤ በመሀል እናጥበዋለን።»

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ? አንተ ልጅ፣ የመለኪያውን መምጣት ጻፍ። የሚወርድ ሰው ገመድ እንዲታሰር፣ ከላይ ሰው እንዲቆምለት ጻፍ። የአሲዱ ድራም ማውጫ በቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፉም እኔ ኪስ ይሁን ብለህ ጻፍ። ያኔ እፈርማለሁ።»

«መለኪያውን ከጻፍኩት እሱ እስኪመጣ መጀመር አንችልም እኮ።»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው።»

ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነ። አረፋ አለፈ፤ ቆዳው መጣ፤ ግቢው ውስጥ በጨው ተቆለለ። በአምስተኛው ቀን ካፌው ውስጥ ወሬ ተጀመረ። ኑርሁሴን ከጸጋው ተጣልቷል ተባለ። ወንበሩን ስላጣ ነው፣ ሃያ ስምንት ዓመት ደክሞ ትናንት የመጣ ልጅ ስለተሾመበት ነው፣ ቅናት ነው ተባለ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በወሎ ጠብ መላ አለው፣ ሽማግሌ አለው። ጋዝ ሽማግሌ የለውም። ስለዚህ ነገሩ ጠብ ቢሆን ለሁሉም ይቀል ነበርና ጠብ አደረጉት።

በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ከደጁ ቆሙ። አንደኛው ሼህ ሀፊዝ ናቸው፤ የአባቱ ጓደኛ፣ የእሱንም ኒካህ ያሰሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ። ሁለተኛው በጡረታ የወጡት የፋብሪካው ንብረት ክፍል ሠራተኛ አቶ ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው።

«ግቡ፣ ግቡ እንጂ ሼሃችን» አለ ኑርሁሴን ደንግጦ።

«እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ ሼህ ሀፊዝ።

«ወላሂ ሼሃችን፣ እኔ ከልጁ ጋር አልተጣላሁም።»

«አልተጣላህም?»

«አልተጣላሁም።»

«አልሀምዱሊላህ። ካልተጣላህ እንግዲያ ምን ከለከለህ?»

ኑርሁሴን ስለ ሁለቱ ውሃ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ስለ ጋዙ ነገራቸው፣ ስለ አፍንጫው ነገራቸው። በጥሞና ሰሙት። ሽማግሌ የተጣላን ሰው ብሶት እንደሚሰማው፣ እስኪወጣለት ነው የሰሙት። ሲጨርስ አቶ ወርቅአፈራሁ «እውነትህን ነው ወንድሜ» አሉ። «ግን ሦስት መቶ ሰው እጅህን እያየ ነው። ልጁም በእኛ ፊት ቃል ገብቷል። ገመዱንም፣ ውሃውንም፣ ቁልፉንም፣ መለኪያውንም እሺ ብሏል።»

«እሺ ካለ ይጻፈው።»

ሼህ ሀፊዝ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አጂብ! በእኛ ፊት የተባለ ደግሞ ለምን ይጻፋል? እኛ አንበቃም?»

ኑርሁሴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ዓይኑ የሼሁ እግር ላይ አረፈ። እግራቸው ከመቆም ብዛት ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሺ» አለ።

ሼሁ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። «ከሁለታችሁ መሀል ሸይጣን ይውጣ» አሉ። ኑርሁሴን አሚን አለ። ሸይጣኑ ግን በሁለቱ መሀል አልነበረም፤ ቦዩ ውስጥ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጣይባ ዕቃ ታነሣ ነበር። «ልብህ አልተቀበለውም» አለችው።

«ሽማግሌ ቆሞ እንዴት እምቢ ይባላል?»

«ለእነሱ እሺ በል። ነገ ፋብሪካ ስትደርስ እምቢ በል።»

ሚስት የምትመክረውን መስማት ነበረበት። ያኔ ግን ምክሯ ክህደት መሰለው። ቅዳሜ ጧት ፈረመ። ጸጋው ግንባሩን ስሞ አመሰገነው፤ ካፌው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ አጨበጨበ። ሀምዱ ከሩቅ ቆሞ ያየው ነበር። ኑርሁሴን ሀምዱ ፈገግ ሲል አይቷል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀውም።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ቃሉ ሄደ። ጉድጓዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ታጠበ፣ ገመድ ታሰረ፣ ቁልፉ ኑርሁሴን ኪስ ዋለ። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ጠፋና እጥበቱ ግማሽ ሰዓት ሆነ። በሦስተኛው ጥቂት ጀሪካን ብቻ ይደፋበት ጀመር። ገመዱን የጭነት መኪና ሠራተኞች ዕቃ ሊያስሩበት ወስደው አልመለሱትም። ቁልፉ ከሰዓት በኋላ ሥራ አዘገየ ተብሎ ወደ ድራሙ ሠራተኞች ተዛወረ። መለኪያው ግዢ ላይ ነው። ሦስቱ ሳምንት ሰባት ሆነ። ምንም ሳይሆን ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን ሰው የልብ ልብ ተሰማው። እውነቱን ለመናገር ኑርሁሴንም ላላ። መጀመሪያ ሰሞን ሰኞ ሰኞ ጸጋውን «ያ ነገር?» ይለው ነበር። ኋላ ግን ተወው። ሽማግሌ ያስታረቀውን ነገር ደጋግሞ ማንሣት ነውር ነው፤ ቂመኛ ያሰኛል።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ኑርሁሴን ዙህር ሊሰግድ ወደ ግቢው ጥግ ሄደ። እሱ በሌለበት ፓምፑ ፀጉር ዋጠና ቆመ። ሀምዱ መሰላሉን ይዞ ወረደ። የኖራው ውሃ ገና ከጉልበት በላይ ነበር። ላይ ደግሞ የድራሙ ሠራተኛ ሰዓቱን አየ፤ የአሲዱ ተራ ደርሷል። እንደተባለው፣ በሰዓቱ፣ ማውጫውን ከፈተ። የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ኑርሁሴን ሰግዶ ሲመለስ ከግንቡ ጥግ ሲዞር የእንቁላሉ ሽታ አፍንጫውን መታው። ሮጠ። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ሽታው ጠፋ።

ትንፋሹን ይዞ ቁልቁል ተመለከተ። ሀምዱ በግንባሩ ተደፍቷል። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው።

ወደ ኋላ ሸሽቶ ጮኸ። ሰው መጣ። ከመጡት አንዱ፣ የሀምዱ የአገሩ ልጅ፣ በቀጥታ ወደ መሰላሉ ሮጠ። ኑርሁሴን ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ጣለው። «ማንም አይወርድም! አሲዱን ዝጉ! የአየር ቱቦውን አምጡ!»

«ልቀቀኝ! እየሞተ ነው! አንተ ሰው አይደለህም!»

አልለቀቀውም። አሲዱ ተዘጋ፤ አየር የሚነፋውን ቱቦ ጎትተው ወደ ጉድጓዱ ለቀቁበት። ቆዳ በሚጎተትበት ረጅም ሜንጦ ቀበቶውን ለመያዝ ሞከሩ፣ አመለጣቸው፣ እንደገና ሞከሩ። ኑርሁሴን ይህን ሁሉ ጊዜ «ሀምዱ! ሀምዱ!» እያለ ይጣራ ነበር። መውረድ ፈልጎ ነበር። እግሩ ወደ መሰላሉ ተነሥቶ ነበር። ያስተማራት ትምህርት ናት የያዘችው፤ ያን ዕለት ጠላት። በአሥራ አራተኛው ደቂቃ አወጡት። ሐኪም ቤት ሲደርስ ሐኪሙ ብዙ አልመረመረውም።

ሁለተኛ ሬሳ አልነበረም። ይህን ማንም አላነሣለትም፣ እሱም ምስጋና አልፈለገም።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ቅጹ ከፋይል ወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፊርማው እዚያው ነበር፣ በእጁ ጽሑፍ፣ ከ«አደጋው ተጠንቷል» ሥር።

«ገመድና መለኪያ፣ ቁልፍም ጠይቄ ነበር» አለ።

«የት ላይ ተጻፈ?»

«በሽማግሌ ፊት ነው የተባለው።»

ጠያቂው ብዕሩን አስቀመጠ። ጸጋው ጥግ ተቀምጦ ወለሉን ያይ ነበር። አንድ ቃል ይናገራል ብሎ ኑርሁሴን ጠበቀው። አልተናገረም። በኋላ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አገኘው፤ አጽናናው እንጂ አልወቀሰውም። ለቅሶው እውነት ነበር፤ ለሀምዱ ግን ምን ይፈይዳል? ኮሚቴው ሟች ያለ ፈቃድ ወርዷል፣ ለውጡን ፎርማኑ አጽድቆታል ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ሀምዱ በሞተ በወሩ የአንዱ ፓምፕ አሠራር ለሌላ ሦስት ወር እንዲራዘም አዲስ ቅጽ መጣ። ኑርሁሴን ሊቀደው ተዘጋጅቶ ተቀበለው። የሚፈርምበት ቦታ ፈለገ፤ የለም። የፎርማን መስመር ከቅጹ ወጥቷል። «እርስዎን ደግመን ላለማስቸገር ነው» አለው ወረቀቱን ያመጣው ሰው፣ በአክብሮት። ከመስኮቱ ውጪ ፓምፑ ይሠራ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ አዲስ ሰው ቆሟል።

ሀምዱ በሞተ በአርባኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ኑርሁሴንን ይዘው በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ወጡ። ፋብሪካው ነበር የለመናቸው፤ የሀምዱ ቤተሰብ ክስ ሊመሠርት ነው ተብሏልና ይቅር እንዲያስብሉለት። መንገድ ላይ ሼህ ሀፊዝ «ያን ቀን የነገርከን ይኼን ነበር?» አሉት። «አዎ ሼሃችን» አለ።

የሀምዱ ሚስት ፋኢዛ ኢዳ ላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት በምትጠብቀው የኀዘን ጊዜ ላይ ናት፤ ከቤት አትወጣም። ከበሩ ወዲያ፣ ከአክስቷ ጎን ቆመች። ሼህ ሀፊዝ ደጁ ላይ ምርኩዛቸውን ተከሉ።

«ልጄ፣ እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ፋኢዛ እሳቸውን አላየችም። ኑርሁሴንን ነው ያየችው። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ሰሞን ሥራውን ሊለቅ ነበር። ‹ሁለቱን ውሃ ሊያገናኙት ነው፣ እለቃለሁ› ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት ግን እየሳቀ ገባ። ‹ጋሽ ኑርሁሴን ፈረመ፤ እሱ ከፈረመ ደህና ነው› አለኝ። እውነት ደህና ነበር?»

«አልነበረም።»

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እንደዚያ ሲስቅ ያየው እንግዲህ ለዚህ ነበር። ዘጠኙ ቀን ለሀምዱ አጥር ሆኖለት ነበር፤ አጥሩን ያፈረሰው የራሱ እጅ ነው። እንባ ሊመጣለት አልቻለም። አክስቲቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«ቀደር ነው ልጄ» አሉ ሼሁ፣ ድምፃቸው ደክሞ። «እሺ በይን።»

ኑርሁሴን በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በሽማግሌ ፊት ቃል ጣልቃ አስገባ። «እሺ አትበያቸው፣ ፋኢዛ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እሺ አትበያቸው።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ወደ እሱ ዞሩ። ፋኢዛ ቁልቁል የሼሁን እግር ታይ ነበር። ይንቀጠቀጣል።

«ቆመው እኮ ነው፣ ጋሼ» አለችው በዝግታ። ከዚያ ወደ እነሱ ዞረች።

«እሺ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።